ሁለተኛው አድማጭ

ለአካባቢ ሬዲዮ አዘጋጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ንግግሬን በአንድ ጥፋት እጀምራለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከተፈጸመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

ጀማሪ አዘጋጅ ሳለሁ አንድ አረጋዊ ግንበኛን ለማነጋገር ቤታቸው ሄድኩ። በወጣትነታቸው አንድ የድንጋይ ድልድይ ከሠሩት ሰዎች መካከል ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል አጫወቱኝ። ድንጋዩ ከየት እንደተፈለጠ፣ ማን እንደጠረበው፣ ማን በትከሻው እንዳጋዘው፣ ወንዙ ሞልቶ የመጀመሪያውን መሠረት ጠራርጎ የወሰደበትን ሌሊት፣ ደመወዛቸው የዘገየባቸው ሠራተኞች መዶሻቸውን አስቀምጠው ሥራ ያቆሙባቸውን ቀናት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገሩኝ። ለእኔ የተሰጠኝ የአየር ጊዜ ግን ሰባት ደቂቃ ነበር። ሰባቱን ደቂቃ መርጬ አወጣሁ፤ ዝግጅቱ ተላለፈ፤ አድማጮችም ወደዱት። ካሴት ተቆጥሮ የሚሰጠን ጊዜ ስለነበር በማግስቱ በእነዚያው ካሴቶች ላይ ስለ መንገድ ጥገና የተሰጠ መግለጫ ቀረጽኩባቸው።

አረጋዊው በዓመቱ ዐረፉ። የሁለት ሰዓት ጨዋታቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ ያጠፋሁትም እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሙያ የማስበው ሁሉ ከእነዚያ ካሴቶች ይነሳል። ያኔ ያልገባኝ ነገር፣ ማንኛውም ቃለ መጠይቅ ሁለት አድማጭ ያለው መሆኑ ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ማታ ሬዲዮውን ከፍቶ ይሰማናል፤ ይደውልልናል፤ ሲከፋውም ይወቅሰናል። ሁለተኛው ገና አልተወለደም። ከሠላሳ ወይም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይመጣና፣ ይህ ሰፈር እንዲህ ከመለወጡ በፊት ሰዎች እንዴት ይኖሩ ነበር፣ ስለ ምን ይጨነቁ ነበር፣ ድምፃቸውስ እንዴት ያለ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ስልክ ስለማይደውልልን እንረሳዋለን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለ እርሱ ጥብቅና ለመቆም ነው።

በብዙ ጣቢያዎች የማኅበረሰብ ጉዳይ፣ ባህልና ታሪክ የተለያየ ቀን፣ የተለያየ አዘጋጅ፣ የተለያየ የመግቢያ ሙዚቃ አላቸው። ለአሠራር ያመች ይሆናል። ክፍፍሉ ግን የቀን እንጂ የፍሬ ነገር አይደለም። ዛሬ ስለ ውኃ መቆራረጥ የምታነጋግሯት እናት ከአርባ ዓመት በኋላ የታሪክ ምስክር ናት። ሌሊት ስንት ሰዓት ተነሥታ እንደምትቀዳ፣ ወረፋውን ማን እንደሚያስከብር፣ ወረፋ ያበላሸ ሰው ምን እንደሚደረግበት ስትናገር፣ አንድ ማኅበረሰብ ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚያስተዳድር እየነገረችን ነው። እኛ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር እንወስድላትና ችግሩ መቼ እንደሚፈታ ለመጠየቅ ወደ ኃላፊው እንሮጣለን። ኃላፊውን መጠየቅ ግዴታችን ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የእርሱ መልስ በወሩ ያረጃል። የእርሷ አያረጅም።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ኦሊቭ ሻፕሊ የተባለች የቢቢሲ አዘጋጅ መቀመጫዋን ማንችስተር አድርጋ በሰሜን እንግሊዝ ትሠራ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ዘመን ተራ ሰው በሬዲዮ የመናገር ዕድሉ ጠባብ ነበር፤ ሲያገኝም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት እንዲያነብ ይደረግ ነበር። ሻፕሊ የመቅረጫ መሣሪያ የተጫነበት ግዙፍ መኪና ይዛ ሰዎቹ ወዳሉበት ወጣች። የማዕድን ቆፋሪ ሚስቶችን፣ መጠለያ የሌላቸውን ሰዎች፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነዱ የጭነት መኪና ሾፌሮችን በራሳቸው አንደበት አስናገረች። ያኔ የቀረጸችው የዕለቱን ችግር ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ያ ኑሮ ሲለወጥ ግን ያ የዕለት ችግር የአንድ ዘመን ድምፅ ሆኖ ቀረ።

የቦሊቪያ ማዕድን ቆፋሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደመወዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ጣቢያዎች አቋቋሙ፤ ስለ ክፍያቸው፣ ስለ ማኅበራቸው ስብሰባ፣ ስለ ጤናቸው ይነጋገሩባቸው ጀመር። በሐምሌ 1980 ጦሩ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ እነዚያ ትንንሽ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን አያይዘው፣ ወታደሮች እየገቡ አንድ በአንድ እስኪዘጓቸው ድረስ የሚሆነውን ለሕዝብ ያሰሙ ነበር። ከሳምንት በፊት ስለ ደመወዝ ያወሩ የነበሩ ሰዎች ታሪክ ሲሠራ ማይክሮፎኑ እጃቸው ላይ ተገኘ።

እንግዲህ ሁለተኛውን አድማጭ ያሰበ አዘጋጅ አጠያየቁ ይለወጣል። ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የምናጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ አለ። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ ፊልም አሳዩና መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ጠየቁ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፤ የተለወጠው አንድ ግሥ ብቻ ነው። ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ "ሲነካኩ"፣ ለሌላው "ሲጋጩ"፣ ለሌላው ደግሞ "በኃይል ሲላተሙ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተሰጠው። "ሲነካኩ" የተባሉት በአማካይ በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲገምቱ "በኃይል ሲላተሙ" የተባሉት 66 ገደማ ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹን መልሰው ጠሩና የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ አሏቸው። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። "ሲጋጩ" ከተባሉት 50 ተማሪዎች 7 አየን አሉ፤ "በኃይል ሲላተሙ" ከተባሉት 50 ግን 16።

አንድ ግሥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ያልነበረ መስታወት ሰበረ። አስቡት፤ እኛ የምንጠይቀው ከሳምንት በፊት የታየ ፊልም አይደለም፤ የሃምሳና የስድሳ ዓመት ትዝታ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ግሥ ብቻ አይደለም። "ያ አስከፊ ዘመን እንዴት አለፈ?" እንላለን። "በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተፋቅሮ ይኖር ነበር አይደል?" እንላለን። አረጋዊው ጨዋ ናቸው፤ እንግዳ አያሳፍሩም፤ "አዎ ልጄ" ይላሉ። ያ "አዎ" በአየር ላይ ይውላል፤ ከዚያም የእርሳቸው ትዝታ ተብሎ ይጠቀሳል። ትዝታው ግን የእኛ ነው፤ በእርሳቸው ድምፅ የተነገረ።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው፣ ቅጽሎቻችሁን ከበር ውጭ ትታችሁ እንድትገቡ ነው። "ያን ቀን ጠዋት ምን እየሠሩ ነበር?" "በሩን ከፍተው ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት ማንን ነበር?" "ይህንን መሣሪያ እንዴት ነበር የሚይዙት?" እንዲህ ያለ ጥያቄ ተራ ይመስላል። ሰው ግን በአሳብ የረሳውን በእጁና በዓይኑ ያስታውሳል። ያ ግንበኛ ስለ ድልድዩ ታሪካዊ ፋይዳ ስጠይቃቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ መለሱ። ድንጋዩን እንዴት እንደሚጠርቡት ስጠይቃቸው እጃቸው በአየር ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከእጃቸው ጋር ሰዎቹ፣ ስሞቹ፣ ወንዙም መጡ።

ከጥያቄው በኋላ ደግሞ ዝምታ አለ። ሬዲዮ ዝምታን ይፈራል፤ ባዶ አየር እንደ ጥፋት ይቆጠራል። በ2009 ይፋ የሆነ ጥናት በአሥር የተለያዩ ቋንቋዎች የሚደረግ ጨዋታን ለክቶ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ዝም ስንባል ዘመን ያለፈ ይመስለናል፤ ሌላ ጥያቄ እንወረውራለን። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ደግሞ የአሜሪካ መምህራንን በክፍል ውስጥ ስትታዘብ፣ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አየች። ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ብቻ! በቀጥታ ስርጭት ላይ ይህ ይከብድ ይሆናል፤ እረዳለሁ። በቤታቸው ተቀምጠን ስንቀርጽ ግን ምን ያስቸኩለናል? ዝምታው ከረዘመ በቅንብር ጊዜ ይቆረጣል። ያልተነገረን ነገር ግን ማንም ቀንጭቦ አያስገባውም።

ይህንን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ ስተድስ ተርክል የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ አዘጋጅ ነው። ተርክል በቺካጎ በሚገኘው በደብሊውኤፍኤምቲ ጣቢያ ከ1952 እስከ 1997 ሠርቷል፤ አርባ አምስት ዓመት። ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ገጠመኝ ነበረው። በድሆች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ያነጋግራል። ልጆቿ የእናታቸውን ድምፅ መስማት ስለፈለጉ ቴፑን መልሶ ያሰማቸዋል። ሴትዮዋ ራሷን ስትሰማ እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ እንዲህ የሚሰማኝ መሆኑን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር አለች። ከእርሷ ምንም አልተወሰደም፤ ተሰጣት እንጂ። በአካባቢ ሬዲዮ የምንሠራ ሰዎች ይህንን ልናደርግ የምንችል ነን፤ ቅጂውን ይዘን መመለስ እንችላለን፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለምና። ስንቶቻችን እንመለሳለን?

አሁን ወደሚያከራክረን ነገር ልምጣ። ታሪክ አዋቂ የተባሉት ሰው ቢሳሳቱስ?

በጣሊያን ቴርኒ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለ የ21 ዓመት ሠራተኛ መጋቢት 17 ቀን 1949 በፖሊስ ተገደለ። ሠራተኞቹ አደባባይ የወጡት ጣሊያን ወደ ኔቶ መግባቷን ለመቃወም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ የተባለ ተመራማሪ የከተማዋን አረጋውያን ሲያነጋግር፣ ብዙዎቹ ወጣቱ የሞተው በ1953 ፋብሪካው ሁለት ሺህ ገደማ ሠራተኞችን ባባረረ ጊዜ በተነሣው ግጭት ነው አሉት። ሰነዱ አንድ ይላል፤ የሰዎቹ ትዝታ ሌላ። ፖርቴሊ ስሕተቱን አልጣለውም። ለምን እንዲህ አስታወሱት ብሎ ጠየቀ። ለከተማዋ ሠራተኞች ያ ሞት ሳይመለስ የቀረ ውርደት ነበር፤ ከሥራ መባረሩ ደግሞ ሕይወታቸውን ለሁለት የከፈለ ቁስል። ትዝታቸው ሟቹን ከትልቁ ቁስል አጠገብ ወስዶ ቀበረው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም አንዱን ያለ ሌላው አይዙም። የሰውን ቃል እንደ ሰነድ አድርጎ ሳያጣሩ ማስተላለፍ አድማጭን ማሳሳት ነው። ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ስሙን ከሌላ ምስክርና ከጽሑፍ ጋር ማመሳከር አለብን፤ ልዩነት ካለም በአዘጋጁ ድምፅ፣ ተናጋሪውን ሳናዋርድ፣ ለአድማጭ እንናገራለን። በዚያው ልክ ግን ስሕተት ያልነውን ከዋናው ቅጂ ላይ ቆርጠን መጣል የለብንም። ሁለተኛው አድማጭ ምናልባት የሚፈልገው በትክክል ያንን ይሆናል።

ደግሞም አንዲት አጭር ጥያቄ አለች፤ ከአፋችሁ እንዳትጠፋ፦ "ይህንን ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?" የሰሙት ከሆነ ከማን? ይህች ጥያቄ የምስክርን ቃል ከወሬ ትለያለች። በተለይ ስለ ድሮ ጠብ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ደም ሲወራ ያለ እርሷ መሄድ አደገኛ ነው። በሩዋንዳ በ1993 ሥርጭት የጀመረው አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ የሰፈር ጨዋታ በሚመስል፣ ሰው በሚወደው ለዛ ታሪክን እየጠቀሰ ጥላቻ ይነዛ ነበር፤ በ1994 የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ለሩዋንዳ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 ለዚህ ተጠያቂ ያላቸውን ሰዎች ሲቀጣ፣ ማይክሮፎን የሰው ሕይወት የሚያጠፋ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል በፍርድ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ስለ ቅርበታችን ስንኮራ ይህንንም እናስብ። ሰው የሚያምነን ድምፃችንን ስለሚያውቀው ነው።

ስለ አደራ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የሚገኘው ቦስተን ኮሌጅ ከ2001 ጀምሮ በሰሜን አየርላንድ ግጭት የተሳተፉ የቀድሞ ታጣቂዎችን ቃል ያስቀርጽ ነበር። ተናጋሪዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ቃላቸው እንደማይወጣ ተነግሯቸው ነበር። በ2011 የብሪታንያ ባለሥልጣናት በወንጀል ምርመራ ስም ቅጂዎቹን ጠየቁ፤ ከክርክር በኋላም የተወሰኑት ተላልፈው ተሰጡ። ቃል የገቡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም ብዬ አምናለሁ። ሊጠብቁት የማይችሉትን ቃል ግን ገብተው ነበር። እኛም "አይዞዎት፣ ይህ አይወጣም" ለማለት አንደበታችን ይቀልላል። የሚወጣውንና የማይወጣውን፣ ማን እንደሚሰማው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ቀረጻው ሳይጀመር እንነጋገር፤ የማንችለውን አንችልም እንበል። በአካባቢ ሬዲዮ የተናገረ ሰው በማግስቱ ከጎረቤቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው።

የቀረኝ የማስቀመጥ ነገር ነው። በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ የከተማዋ ሬዲዮ የድምፅ ማኅደር እንዳይጠፋ ካሴቶችና የቴፕ ክሮች ከመሬት በታች ተደበቁ፤ ሌሎችም ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገሩ። ከዓመታት በኋላ ተቆፍረው ወጡ፤ ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ውስጥ ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ቦምብ እየወረደ ካሴት የሚቀብር ሰው ስለ ሁለተኛው አድማጭ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እኔ በሰላም ቀን፣ በመንግሥት መብራት፣ በቁልፍ አንድ ጭነት ነው ያጠፋሁት።

ለእናንተ ደግሞ ካሴት ተቆጥሮ አይሰጣችሁም። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የሚመክሩት ሳይጨመቅ፣ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት ማስቀመጥን ነው። በዚህ ጥራት አንድ ሰዓት የሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር የተቀረጸ) ቅጂ የሚይዘው 520 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዲስክ የአንድ ጣቢያን የብዙ ዓመት ቃለ መጠይቅ ይሸከማል። አንድ ዲስክ ግን ቅጂ አይባልም፤ ይበላሻልና፣ ሁለተኛው በሌላ ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ። ያልተሰየመ ፋይልም የለም ማለት ነው። ቀረጻው እንደተጀመረ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጠያቂውንና የተጠያቂውን ስም በድምፅ ተናገሩ፤ ወረቀቱ ቢጠፋ ድምፁ ራሱን ያስተዋውቃል። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ማንም ሳይናገር የቤቱን ድምፅ ብቻ ቅረጹ። ለቅንብር ይጠቅማችኋል፤ ለሚመጣው ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን አንድ ቤት ከሰዓት በኋላ ምን ይሰማበት እንደነበር ይነግረዋል።

ያ የግንበኛው ነገር በዚያ አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ወደ ጣቢያው መጥታ ስሜን ጠቅሳ ጠየቀች። የልጅ ልጃቸው ናት። አያቷ ሲያርፉ ገና አልተወለደችም። ድምፃቸው እኛ ዘንድ እንዳለ ሰምታ ነው የመጣችው። ሰባቷን ደቂቃ አሰማኋት። ዐይኗን ጨፍና ሰማች። ሲያልቅ "ከዚህ በኋላስ ምን አሉ?" አለችኝ።

የሆነውን አልደበቅኋትም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መቅረጫውን ከፈተች። ቀኑን ተናገረች፤ ስሟን ተናገረች፤ ስሜን አስነገረችኝ። "የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ" አለች።

ስለ ወንዙ ሌሊት ነገርኳት። ሥራ ያቆሙት ስንት ቀን ነው ስትለኝ አራት አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ስድስት ሳይሆን አይቀርም አልኩ። "ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?" አላለችኝም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። "እጃቸው እንዴት ነበር?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሷም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም፤ ጠበቀች። ስልኩ እየቀረጸ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ፣ ስለ ጥርብ ድንጋዩ ሲያወሩ የቀኝ አውራ ጣታቸው እንደማይታጠፍ ትዝ አለኝ።